አረንጓዴ ክር የታሰረበት መነጽር

ክሩን ያየችው አርብ ጠዋት፣ ለልጇ ቁርስ ዳቦ እየቆረጠች ሳለ ነው። ማታ የለጠፈችው ፎቶ ስንት ልብ እንዳገኘ ልታይ ብላ ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ እንዲያው እጇ ስላላረፈ ብቻ፣ ፎቶው ላይ ያሉትን ሽማግሌ ፊት በሁለት ጣቷ ዘርግታ አጎላችው። ከቀኝ ጆሯቸው በላይ፣ የመነጽሩ ዘንግ ላይ፣ አረንጓዴ ክር ተጠምጥሟል።

ዳቦው እንደተገመሰ ቀረ።

«ወይኔ!» አለች።

ልጇ ከደብተሯ ቀና አላለችም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህች እናት ጋር የኖረች ልጅ ለአንድ ወይኔ ቀና አትልም። «ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው? ጋዙ ነው በሩ?»

«መነጽሩ ነው! የጋሼ መነጽር! ትናንት እስኪመሽ መሬት ለመሬት ስንፈልገው የቆየነው መነጽር እዚህ ሰውዬ ፊት ላይ ነው። ያደረግሁለት ደግሞ እኔው ነኝ!»

ይሄኔ ልጅቷ ቀና አለች። ስልኩን ተቀብላ አየች፣ የራሷን መነጽር በጣቷ ወደ ላይ ገፋ አደረገች፣ እንደገና አየች። «እማዬ» አለች፣ ሳቋን በግድ ይዛ፣ «ይህን ፎቶ ማታ ለስንት ሰዓት ያህል ነው ያስተካከልሽው?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ።»

እውነቷን ነው። ብርሃኑን ጨምራለች፤ ግድግዳው ላይ ያለችውን ነጥብ አጥፍታለች፤ ከሽማግሌው ክንድ አጠገብ ይታይ የነበረውን የቆሻሻ ቅርጫት ፎቶው እንዳይበላሽ ብላ ቆርጣ አውጥታዋለች። አረንጓዴውን ክር ግን፣ ቅርጫቱን ያየ ዓይኗ፣ አላየውም።

እናቲቱ በሥራ ቦታዋ «እትዬ ቢሆንስ» በመባል ትታወቃለች። ስሙን ያወጡላት ጋሼ ናቸው፤ በመጀመሪያ ሳምንቷ አንድ ሳጥን መነጽር ከመደርደሪያ አውርጂ ቢሏት «ቢወድቅስ? ቢሰበርስ? አንዱ ሰው ላይ ቢያርፍስ?» ብላ ሦስቴ ስለጠየቀች። በር ቆልፋ የምትመለስ፣ ስልክ ሲጮህ ከማንሳቷ በፊት ማን እንደታመመ በሐሳቧ የምትቆጥር፣ ልጇ አሥር ደቂቃ ከዘገየች ሆስፒታሎቹን በቅርበታቸው ቅደም ተከተል የምታሰላ ሴት ናት። የሚገርመው እስከ ዛሬ ከፈራችው ሁሉ አንዱም ደርሶ አያውቅም። እርሷ ግን ይህን እንደ ምሥራች አትቆጥረውም፤ ገና አልደረሰም ማለት ነው ብላ ታስባለች እንጂ።

የምትሠራበት ድርጅት አንዲት ክፍል ናት። ሰዎች መሳቢያቸው ውስጥ ጥለው የረሷቸውን መነጽሮች ይለምናል፣ ያጥባል፣ የሌንሳቸውን ቁጥር ይለካል፣ ቁጥር ያለው ወረቀት ያስርባቸዋል፣ ከዚያም መግዛት ለማይችል ሰው ዓይኑን ለክቶ በነፃ ይሰጣል። ሠራተኞቹ ሦስት ናቸው፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ጋሼ አርባ ዓመት በመነጽር ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ ባለሙያ ናቸው። ጸሐፊዋ መነጽሮቹን የምታጥብ፣ የምትመዘግብና ሁሉንም የምትቆጣ ሴት ናት። እትዬ ቢሆንስ ደግሞ ፎቶ ታነሳለች። በፎቶ መለጠፊያው ገጽ ላይ ድርጅቱ ያለው ዓይንም አንደበትም እርሷ ናት።

ለዚህች ክፍል ያላት ፍቅር ከልጇ የመጣ ነው። ልጅቷ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አስተማሪዋ «ልጅሽ ትንሽ ዘገም ትላለች» ብላ ነገረቻት፤ እናት ለሁለት ወር እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ አንድ ሰው ጠቁሟት እዚህ አመጣቻት። ጋሼ ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ አንዱን ሌንስ በሌላው ሲለውጡ ሲለውጡ ቆይተው፣ አንዲት ቀይ መነጽር አደረጉላት። ልጅቷ ዞር ብላ እናቷን ትክ ብላ አየቻትና «እማዬ፣ ጉንጭሽ ላይ ነጥብ አለሽ እንዴ?» አለቻት። እናት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህች ክፍል ብትዘጋ ምን እሆናለሁ ብላ ስትፈራ ኖራለች።

አሁን ደግሞ ፍርሃቷ በሩ ላይ ደርሷል። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ወገቡ ላይ በሚንሿሿው የቁልፍ ዘለላ ምክንያት ባለቁልፉ የሚባለው፣ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነግሯቸዋል። «ክፍሉን በነፃ የሰጠናችሁ ሰው ይጠቀምበታል ብለን ነው። በወር አሥራ ስድስት ሰው! ነዋሪው ደግሞ ብስክሌት ማስቀመጫ አጥቶ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ቅዳሜ ክፍት ቀን አለን አላችሁ፤ እናያለን። ሰው ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ ቅዳሜ ማታ ቁልፉን ታስረክቡኛላችሁ።»

ቅዳሜ ማለት ነገ ነው። ዓይን የሚለኩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ደግሞ ያለ መነጽራቸው የበሩን እጀታ እንኳ የሚያገኙት በዳበሳ ነው።

«ሰውዬው መኪና ቢገጨውስ?» አለች እናት፣ ጫማዋን በተሳሳተ እግሯ እያጠለቀች። «በሰው መነጽር መንገድ ሲሻገር? ደረጃ ላይ ቢወድቅስ?»

«እማዬ፣ ግራና ቀኝሽን አዘዋውረሻል።»

«ምኑን?»

«ጫማሽን።»

ሐሙስ የሆነው እንዲህ ነበር። የክፍሏ መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ ለሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ማዶ ያለው ፎቅ ይጋርደዋል። እትዬ ቢሆንስ ይህችን ሩብ ሰዓት እንደ ባቡር ሰዓት ጠንቅቃ ታውቃታለች፤ ጥሩ ፎቶዎቿ ሁሉ የተነሱት በእርሷ ነው። የቀኑ የመጨረሻ ተገልጋይ ፀጉራቸውን በውሃ ያበጠሩ፣ የሸሚዛቸውን አንገት እስከ ላይ የቆለፉ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ ለክተው ጨረሱ፤ ቁጥር 118 የሚል ወረቀት የታሰረበትን ወፍራም ቡናማ መነጽር ከሳጥን አውጥተው ትሪው ላይ አኖሩ። እንደ ልማዳቸውም «መጀመሪያ ላይ ትንሽ ግር ሊልዎ ይችላል፤ ዓይንዎ እስኪለምድ ሦስት ቀን ይታገሡ» ብለው ተናገሩ። ከዚያ የራሳቸውን፣ ዘንጉ ላይ አረንጓዴ ክር የጠመጠሙበትን ወፍራም ቡናማ መነጽር አውልቀው፣ እዚያው ትሪ ላይ አስቀምጠው፣ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወደ ኮሪደሩ ወጡ።

ፀሐይዋ መስኮቱ ጥግ ላይ ደርሳ ነበር። «አባባ፣ ብርሃኑ ሳያመልጠን!» አለች እትዬ ቢሆንስ፤ ከትሪው ላይ እጇ ያገኘውን መነጽር አንስታ ሰጠቻቸው። ሌላው መጥረጊያ ጨርቁ ሥር ተሸፍኖ ቀረ። አነሳች። ገጹ ላይ ልለጥፈው ወይ ብላ ፈቃድ ጠየቀች፤ እርሳቸውም «ሚስቴ ካላየችው ዋጋ የለውም፤ ለጥፊው» አሏት። ከዚያ እጇን ጨብጠው፣ በርጋታ፣ የደረጃውን ብረት ይዘው ወረዱ። እትዬ ቢሆንስ ምን ዓይነት የተረጋጉ ሰው ናቸው ብላ አደነቀች።

ጋሼ ፊታቸውን እያንጠባጠቡ ተመልሰው «መነጽሬስ?» ሲሉ ፍለጋው ተጀመረ። ከሁሉ አብዝታ የፈለገችው እርሷ ናት። ቅርጫቱን ገለበጠች፤ መጋረጃውን አራገፈች፤ «ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ?» ብላ ጸሐፊዋን «መነጽር እኮ ነው፣ ጉንዳን አይደለም!» አሰኘቻት። ጨርቁ ሥር የተገኘውን 118 ጸሐፊዋ ጋሼ አማርጠው የተውት ትርፍ ነው ብላ ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ጋሼን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው አደረሷቸው።

አርብ ጠዋት እትዬ ቢሆንስ ክፍሏ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር። ጸሐፊዋ መነጽር ታጥባለች፤ ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ሌባዋ።»

ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ተናገረች።  ጸሐፊዋ ሳሙና የያዘ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አንቺ ሴትዮ! ትናንት ለብርሃን ብለሽ መደርደሪያዬን አንቀሳቀስሽብኝ፤ ዝም አልኩሽ። አበባ ማስቀመጫ አምጥተሽ ሳህኔ ላይ አቆምሽ፤ ዝም አልኩሽ። አሁን ደግሞ የጋሼን ዓይን አውልቀሽ ለመንገደኛ ሰጠሽው!»

«በይኝ፣ በይኝ» አለች እትዬ ቢሆንስ፣ ውሃ ሆና። «እውነትሽን ነው።»

ጋሼ ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መሰላት። እርሳቸው እየሳቁ ነበር። «እንዴት አምሮባቸው ነበር?» አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ግራ ዓይኔና ቀኝ ዓይኔ እኮ ወንድማማች አይደሉም፤ ጎረቤትም አይደሉም። በዚያ ሌንስ የሚያይ ሰው አንዱን በግ ሁለት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ጥጃ አድርጎ ነው የሚያየው። እኒያ ሰውዬ ግን ፈገግ አሉልሽ?»

«ፈገግ አሉ።»

«ጨዋ ሰው ናቸው!»

ጨዋነታቸው ግን አድራሻቸውን አልነገራቸውም። ድርጅቱ ስም አይጠይቅም፤ ሰው ሳያፍር እንዲመጣ ብሎ ጋሼ ያወጡት ደንብ ነው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው የሌንስ ቁጥርና ቀን ብቻ ነበር። የጋሼ ተለዋጭ መነጽር ከተሰበረ ቆይቷል፤ አዲስ ማሠራት ሳምንት ይፈጃል፤ ሳጥኖቹ ውስጥ ካሉት አራት መቶ መነጽሮች አንዱም ለእነዚያ ለማይገናኙ ዓይኖች አይሆንም። ሽማግሌውን ማግኛ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ያው ገጹ።

እትዬ ቢሆንስ ስልኳን አውጥታ ጻፈች። «ይህን ሰው ያያችሁ…»

«ወንበዴ አደረግሻቸው እኮ!» አለች ጸሐፊዋ ከኋላዋ ቆማ አንብባ።

አጠፋችው። «አባባ፣ እባክዎ መነጽሩን ይመልሱ…»

«የሰጠነውን የምንቀማ እንመስላለን።»

አጠፋችው። ሦስተኛውንም አራተኛውንም አጠፋች። ሽማግሌው ቢያፍሩስ? ሚስታቸው ብትቆጣስ? ሕዝቡ እነዚህ ሰዎች የማይረባ መነጽር ነው የሚያድሉት ብሎ ነገ ባይመጣስ? እስከ ዛሬ የለጠፈቻቸው ስልሳ ምናምን ፎቶዎች ሁሉ የተስተካከሉ፣ ነጥብ የሌለባቸው ነበሩ፤ ድርጅቱ ተሳስቶ የታየበት አንድም የለም።

«እኔን አንሺኝ» አሉ ጋሼ።

«እርስዎን? እንዲህ ሆነው?»

«እንዲህ ሆኜ።» ተነስተው ግድግዳውን እየዳበሱ ዓይን የሚለኩበትን የፊደል ሰሌዳ ከምስማሩ አወረዱትና ደረታቸው ላይ ያዙት። ዓይናቸውን አጨንቁረው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ። ሰሌዳው ተዘቅዝቋል። ጸሐፊዋ ልታቃናው ስትል «ተይው፣ አውቄ ነው» አሏት።

ፀሐይ አልነበረችም። ከጀርባቸው የታጠቡ መነጽሮች በጨርቅ ላይ ተዘርግተዋል፤ የጸሐፊዋ ግማሽ ክንድ ይታያል። እትዬ ቢሆንስ አነሳችው። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ፎቶ ለማንሳት ስቸኩል የመነጽር ባለሙያችንን መነጽር ለሌላ ሰው አደረግሁ። ጥፋቱ የእኔ የፎቶ አንሺዋ ነው። በሐሙሱ ፎቶ ላይ ያሉት አባት ምንም አላጠፉም፤ ትክክለኛው መነጽራቸው እዚህ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። አባባ፣ ሦስት ቀን ይታገሡ የተባሉት ለዚያኛው ነው። ይሄኛውን ዓይንዎ አይለምደውም። እባክዎ አይታገሡ!»

ዓይኗን ጨፍና ላከችው። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍታ፣ ከእርሱ ሸሽታ ወደ መታጠቢያው ሄደች።

«አሁን ምን እንሥራ?» አለች።

«እንጠብ» አለች ጸሐፊዋ፣ ጨርቅ እየወረወረችላት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንፏቀቅ ጀመር። እትዬ ቢሆንስ አላነሳችም። «እየሰደቡን ነው» አለች። በመጨረሻ ጸሐፊዋ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አነሳችውና ጮክ ብላ ታነብ ጀመር።

«‹ሰሌዳው ተዘቅዝቋል ንገሯቸው።› አንድ። ‹እኔም አማቴን እንደዚህ ነው የማየው።› ባለጌ። ‹ነገ ክፍት ነው ወይ? መሳቢያዬ ውስጥ አምስት መነጽር አለ።› ስሚ፣ አምስት!»

«ቀልድ ቢሆንስ?»

«ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ ስሚ። ‹ቆይ፣ እኒህ የሐሙሱ ሰውዬ የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር አልነበሩም?›»

ሦስቱም ተያዩ፤ ጋሼም በድምፅ አቅጣጫ ተያዩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው እንደ ጎርፍ ነው። የሰባት ቁጥር ተሳፋሪ የሆነ ሁሉ ከያለበት ብቅ አለ። አንዱ «በሩን ዘግተው ከተነሱ በኋላ እንኳ በመስተዋት ስሮጥ ካዩኝ ይቆሙ ነበር» አለ። ሌላዋ «ነርስ ነኝ። የሌሊት ተረኛ ሆኜ ጠዋት ስመለስ እንቅልፍ ወስዶኝ ሰፈሬን አልፌ እንዳልሄድ ስሜን እየጠሩ ይቀሰቅሱኝ ነበር» ብላ ጻፈች። አንድ ሰው ደግሞ «ፈተናዬን ያለፍኩት በእርሳቸው ነው፤ ሌላ አውቶቡስ ቢሆን ትቶኝ ይሄድ ነበር» አለ። ጸሐፊዋ እያነበበች ድምፅዋ ይሰለስል ጀመር፤ ሲሰለስልባት ደግሞ ተናደደችና ስልኩን ለእትዬ ቢሆንስ ወረወረችላት።

አድራሻቸውን ግን ያወቀ አልነበረም። ቀትር አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እትዬ ቢሆንስ የክፍሉን ቁልፍ ከዘለላዋ ለይታ አውጥታ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ቦርሳዋ ውስጥ አኖረች። ነገ ማታ ባለቁልፉ ፊት ስትንደፋደፍ እንዳትታይ ብላ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ መጣች፤ ሩብ ሰዓት ቆይታም ልትሄድ ስትል፣ አንዲት ፎቶ የሌላት፣ ገጿ ላይ አንዲት ጽጌረዳ ብቻ ያለች ሴት ጻፈች፦

«ባሌ ነው። ከትናንት ጀምሮ ግድግዳውን ሰላም እያለ ነው። ሾርባውን ከሳህኑ ውጭ ቀዳው። አውልቀው ብለው ‹ሦስት ቀን ታገሥ ተብያለሁ› አለኝ። እኔ ራሴ ነገ ጠዋት እጁን ይዤ አመጣዋለሁ። ብቻውን አልለቀውም።»

እትዬ ቢሆንስ አንድ ጊዜ አነበበች፣ ሁለተኛ ጊዜ ለጋሼ ጮክ ብላ አነበበች፣ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ሳቀች። ጸሐፊዋ እንዲህ ስትስቅ አይታት አታውቅም ነበርና፣ ውሃ አመጣችላት።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ልጇን አስከትላ፣ ቁልፉን ከተጠቀለለበት አውጥታ በሩን ከፈተች። በሩ አሮጌ ነው፤ በትከሻ ገፋ፣ በእጅ ከፍ ካላደረጉት አይሆንም። ማንም አልነበረም። «አልኩሽ» አለች ለልጇ።

«ምን አልሽኝ? የሚከፈተው ሦስት ሰዓት ነው እኮ!»

ጸሐፊዋ ጋሼን ክንዳቸውን ይዛ እንደገባች፣ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ከደረጃው ሥር የሴት ድምፅ ተሰማ። «ደረጃ አለ። እግርህን አንሳ። አንሳ አልኩህ እንጂ ዝለል አልኩህ? አሁን ሌላ ደረጃ።» ሽማግሌው ወጡ፤ ፀጉራቸው በውሃ ተበጥሯል፤ የሸሚዛቸው አንገት ተቆልፏል፤ አፍንጫቸው ላይ አረንጓዴው ክር የታሰረበት መነጽር አለ። እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ፤ የጨበጡት የኮት መስቀያውን ነው።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ» አለች እትዬ ቢሆንስ፣ ልታለቅስ ደርሳ። «ለምን አልነገሩንም? ምንም አይታይዎትም ነበር እኮ!»

«ልጄ፣ በነፃ ሰጥታችሁኝ፣ ፎቶ አንስታችሁኝ፣ ደግሞ አይታየኝም ልበል?» አሉ። «እንዳታፍሩ ብዬ ነው። እናንተ የምታውቁት ነገር ይኖራል አልኩ።»

«ይኸውላችሁ!» አሉ ሚስታቸው። «አርባ ዓመት ከዚህ ጋር ነው የኖርኩት።»

ጋሼ መነጽራቸውን ተቀብለው አደረጉ፤ ክፍሉን ዙሪያውን አዩ፤ ጸሐፊዋን አዩና «አንቺ አሁንም ተቆጥተሻል» አሏት። ከዚያ ሽማግሌውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ልጅቷ ሳጥኑን ከፍታ 118ን አመጣች፤ ጋሼ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጠው፣ ሌንሱን ጠርገው፣ በራሳቸው እጅ አደረጉላቸው።

 ሽማግሌው መጀመሪያ እጃቸውን አዩ። ቀጥሎ ሚስታቸውን። «የጆሮ ጉትቻሽን ለውጠሻል» አሉ።

«ካደረግሁት ሁለት ዓመቴ ነው።»

«ያምርብሻል።»

ሚስትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳቸውን ይጎረጉሩ ጀመር።

በዚሁ ጊዜ በሩ ላይ አንዲት ነጭ ጫማ ያደረገች፣ እንቅልፍ ያልጠገበች ሴት ቆመች፤ ከኋላዋ ሁለት ሰዎች፣ ከእነርሱም ኋላ የላስቲክ ከረጢት የያዘ ሰው። ሽማግሌው ቀና ብለው በአዲሱ መነጽር ነርሷን አዩና ከወንበሩ ብድግ አሉ። ዓመታት ሙሉ በሹፌር መስተዋት ብቻ ያዩትን ፊት አሁን ፊት ለፊት አገኙት።

«ደርሰሻል፣ ውረጂ!» አሉ።

ነርሷ ሳቀች፤ እየሳቀች አቀፈቻቸው፤ እያቀፈቻቸው አለቀሰች። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ «እኔንስ ያውቁኛል?» አለ። «አንተማ ዳቦ እየበላህ የምትሮጠው ነህ፤ አሁን ወፍረሃል!» አሉት፤ ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው እትዬ ቢሆንስ ደረጃው ላይ ሰው መኖሩን ያየችው። ሰልፉ ኮሪደሩን አልፎ እስከ ብስክሌቶቹ ወርዷል።

እጇ ወደ ስልኳ ሄደ። ከዚያ ቆመች። ትሪውን አየች፤ ባዶ ነው። የጋሼን ፊት አየች፤ መነጽራቸው አለ። የሽማግሌውን አየች፤ 118 አለ። «አባባ፣ ላንሳዎ?» አለች።

«ሚስቴም ትግባ» አሉ።

ፀሐይ የለም፤ ገና ጠዋት ነው። አነሳችው። አንዱ ጥግ ላይ የጸሐፊዋ ክርን፣ ሌላው ጥግ ላይ የቆሻሻ ቅርጫቱ ገብቷል፤ ነርሷ በግማሽ ፊቷ ብቻ ናት። ሽማግሌው ግን ከሐሙሱ ፈገግታ ጋር በማይመሳሰል ፈገግታ፣ ጥርሳቸውና ድዳቸው ሁሉ እየታየ፣ ካሜራውን ሳይሆን ሚስታቸውን ያያሉ። ልጇ አጎንብሳ አየችውና «ቅርጫቱን ልቁረጠው?» አለቻት።

«ተይው» አለች እናት። እንዳለ ለጠፈችው።

ቀኑ እንዴት እንዳለቀ ማንም አላወቀም። ጋሼ ውሃ እንኳ የጠጡት በጸሐፊዋ ቁጣ ነው። ከረጢቶች መጡ፣ የጫማ ካርቶኖች መጡ፤ አንድ ሰው የሟች አባቱን መነጽር በመሐረብ ጠቅልሎ አምጥቶ «ለሚያነብ ሰው ስጡልኝ፤ አባቴ ማንበብ ይወድ ነበር» አለ። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ደረጃው ላይ ቆመው ተራ ያስይዙ ጀመር። «ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ! ከኋላ ቦታ አለ!» እያሉ። ባለቁልፉ እኩለ ቀን ላይ ቁልፉን እያንሿሿ መጣና «ይሄ ምንድን ነው? መተላለፊያ ተዘጋ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው «ተሳፋሪ ነህ ወይስ ወራጅ?» አሉት። ሰውዬው ዞሮ ሄደ፤ ሲመለስ ከኮሚቴው ቢሮ ስድስት ወንበሮች ተሸክሞ ነበር፤ ደካሞቹ ይቀመጡበት ብሎ።

አመሻሹ ላይ የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ባለቁልፉ ተመልሶ መጣ። እትዬ ቢሆንስ ሳይጠይቃት ቁልፉን ዘረጋችለት። ክፉውን ቀድማ መቀበል ልማዷ ነው።

ባለቁልፉ ቁልፉን አየው፤ የራሱን ዘለላ አየው። «የት ልጨምረው? ይሄው ወገቤን እየቆረጠኝ ነው» አለ። «ብስክሌቶቹ ደረጃው ሥር ይገባሉ፤ ለክቼዋለሁ። ስትወጡ መብራት አጥፉ፤ እሱን ልል ነው የመጣሁት።» ጥቂት ሄደና ዞር አለ። «ማክሰኞ ዓይን ትለካላችሁ አይደል? እንዲያው እግረ መንገዴን…»

«ማክሰኞ ይምጡ» አሉ ጋሼ።

ጋሼና ጸሐፊዋ እየተጨቃጨቁ ወረዱ። እናትና ልጅ ቀሩ። እትዬ ቢሆንስ በሩን በትከሻዋ ገፋ፣ በእጇ ከፍ አድርጋ ቆለፈች። ሁለት ደረጃ ወርዳ ተመለሰች፤ መብራቱን አጥፍታው ነበር። ቆለፈች። አራት ደረጃ ወርዳ ተመለሰች፤ የኮሪደሩ ቧንቧ ተዘግቷል፤ አየችው፤ ጠበቅ አደረገችው።

«እማዬ፣ በቃ።»

«አንዲት ነገር ብቻ።»

ከፈተች። በጨለማው ውስጥ በዳበሳ እስከ መስኮቱ ሄደች፤ መዳፏን ትሪው ላይ አሳረፈች፣ መጥረጊያ ጨርቁን አነሳች። ከሥሩ ምንም የለም። የማንም መነጽር አልቀረም፤ ሁሉም በየባለቤቱ ፊት ላይ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ወጣች። በሩን በትከሻዋ ገፋ፣ በእጇ ከፍ አደረገችና ቆለፈች።